«ምርጫው ያንተ ነው»

«ምርጫው ያንተ ነው» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሽሹ። እኔ አልሸሸሁም፣ ይኸው አንድ ዓመት ተጨመረብኝ።

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ባዮኬሚስትሪ እማራለሁ። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻ ዓመቴን ኮርሶች ልሞላ አድቫይዘሬ (የኮርስ አማካሪዬ) ጋ ገባሁ። ስክሪኑን አየችና «ፊዚካል ኬሚስትሪ አልወሰድክም» አለችኝ። እሺ፣ በፎል፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር እወስዳለሁ። «አትችልም፣ ካልኩለስ 2 እና ፊዚክስ 2 ይቀድማሉ።» እሺ፣ እነሱን በፎል ልጨርስና ፊዚካልን በስፕሪንግ፣ በሁለተኛው። «እሱ የሚሰጠው በፎል ብቻ ነው።» ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስመዘገብ እያየሽ ለምን ዝም አልሽ? ፈገግ ብላ «ምርጫው ያንተ ነው» አትለኝም!

አገር ቤት እኮ ኮርስ ይመረጣል የሚባል ነገር አላውቅም። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ሲመለስ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ነኝ። የሴሚስተሩ ኮርስ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ትፈርማለህ፣ አለቀ። ግራ ከገባህ ባቹ ወዴት እንደሚሄድ አይተህ ትከተላለህ። ብትጠፋም የዶርም ልጅ ከአልጋህ ይጎትትሃል፣ ሲኒየሩ የትኛው መምህር ግሬድ እንደሚሰስት ሳትጠይቀው ይነግርሃል።

እዚህ ባች የለም። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ አንደኛ ዓመት ይሁን አራተኛ አላውቅም፣ ክፍሉ እንዳለቀ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ውልቅ ነው።

ሰነፍ ነበርኩ እንዳትሉኝ። ጄኔራል ኬሚስትሪ 1 እና 2፣ ኦርጋኒክ 1 እና 2፣ ከነላብራቶሪያቸው በተራቸው ጨርሻለሁ። (ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም የባዮኬሚስትሪ ኮርስ ሳታይ የባዮኬሚስትሪ ተማሪ መባል አለ።) የሒሳቡ ሰንሰለት ግን ከጎን እንዳለ ማን ነገረኝ? ፊዚካል ኬሚስትሪ ማለት ቴርሞዳይናሚክስና ኳንተም ነው፣ ያለ ካልኩለስ አይነካም። እኔ ደግሞ ካልኩለስን ፈርቼ እገፋው ነበር። ማታ ፓርኪንግ ስለምሠራም ሰዓቱ የተመቸኝን ኮርስ እየለቀምኩ፣ ኤይዱ (የትምህርት ገንዘብ ድጋፉ) እንዳይቀነስብኝ 12 ክሬዲት እሞላለሁ። የፊልም ታሪክ ወስጃለሁ፣ ኤ አምጥቻለሁ። ለመመረቅ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል ሲሉኝ ቁጥሩን ብቻ ነበር የምደምረው።

በሰመር ልድረስበት ብዬ ነበር። ካልኩለሱና ፊዚክሱ በአንድ ሰዓት ሆኑ፣ ክፍያውም ከኪሴ ነው።

ታናሽ እህቴ አገር ቤት ኬሚስትሪ ትማራለች። ፋርማሲን አንደኛ ሞልታ ኬሚስትሪ ነው የደረሳት። ያኔ ስታለቅስ በስልክ ያጽናናኋት እኔ ነኝ፣ እንዲያውም «እዚህ እኮ የፈለግሽውን ትመርጫለሽ» ብዬ ጉራዬን ነፍቼባታለሁ። አሁን ለመውጫ ፈተና እየቸከለች ነው። ትናንት ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ አልገባትም። «ማለት፣ ኮርሱ ሳይወሰድ ሲቀር ዲፓርትመንቱ ዝም አለ?» አዎ። «ተጠሪያችሁስ?» የለንም። ትንሽ ዝም አለችና ሳቋን ለቀቀችው።

«በቃ እኔ ቀድሜህ ልመረቅ ነዋ! ለእማዬ ማን ይንገራት?»

ምርጫው ያንቺ ነው አልኳት።