ክዳኑን አትክፈቱብኝ

አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ባለፈው ዓመት ለዕረፍት ወደ ድሬዳዋ ስትመጣ ከሻንጣዋ ያወጣችው ትልቁ ስጦታ፣ ሞላላ ቅርጽ ያለው፣ የመስታወት ክዳን የደፋና የወፍጮ መጅ ያህል የሚከብድ የኤሌክትሪክ ድስት ነበር። ስሙ ስሎው ኩከር እንደሚባል ነገረችን። ሥጋውንና አትክልቱን ጠዋት ጨምረህበት ወደ ሥራህ ትሄዳለህ፣ ማታ ስትመለስ እራት ተሠርቶ ይጠብቅሃል፣ ማማሰል የለ፣ ጭስ የለ፣ ምድጃ ሥር ማጎንበስ የለ። «ከአንተ የሚፈለገው አለመንካት ብቻ ነው» ብላ ስትደመድም፣ በዚሁ ግቢ ተወልዳ ማደጓን ጨርሳ የረሳች መሰለኝ።

ግቢያችን በመጋላ በኩል የሚገኝ፣ አምስት አባወራ በአንድ የውጭ በርና በአንድ ቧንቧ የሚጠቀምበት ግቢ ነው። የድሬዳዋ ሙቀት በር ዘግቶ መቀመጥን ስለማይፈቅድ የማንም ወጥ ከማንም ዓይን የተሰወረ አይደለም፤ አንዱ ቤት ሽንኩርት ሲከተፍ ሌላው ቤት ያስነጥሳል። ከተማዋ ደግሞ ባቡር ከደረሰባት ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ የባሕር ማዶ ዕቃ ሲራገፍባት የኖረች ስለሆነች፣ ነዋሪዋ በአዲስ ዕቃ አይደነግጥም፤ ዋጋውን ይጠይቃል፣ ገልብጦ ያያል፣ ከዚያ አንድ የሚያውቀው ሰው ይህንኑ በግማሽ ዋጋ እንደገዛ ተናግሮ ያልፋል። ይህ ድስት ግን አያፏጭም፣ አይሽከረከርም፣ አይንጣጣም፤ ዝም ብሎ ይቀመጣል። የግቢው ሴቶች ገና በመጀመሪያው ቀን «ሰነፉ» የሚል ስም አወጡለት።

ሰነፉን ሥራ ለማስጀመር በቅድሚያ ከሞት ማዳን ነበረብን። ድስቱ የተሠራው አሜሪካኖች ለሚጠቀሙበት 120 ቮልት ሲሆን የእኛ መስመር 220 ነው። የማሞቂያ ሽቦ የሚስበው ኃይል ከቮልቱ ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ በቀጥታ ብንሰካው ከታሰበለት ግለት ከሦስት እጥፍ በላይ አግኝቶ በዕድሜው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ፈጣን ይሆን ነበር። የራዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ የሆነ ወዳጄ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ፈልጎ አመጣልኝ፤ ትራንስፎርመሩ ከድስቱ ይከብዳል፣ ዋጋው ከአንድ ዶሮ ይበልጣል፣ ሲሠራም እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ኑሮን ለማቅለል የመጣው ዕቃ እንዲህ አድርጎ ጀመረ።

እዚህ ላይ ራሴን ላስተዋውቅ። እኔ እንደ ማንኛውም የአካባቢው አባወራ በዶሮ ወጥ ሥራ ውስጥ ያለኝ ድርሻ ቢላ ስዬ፣ ባርኬ፣ አርጄ ማስረከብ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ማዕድ ድረስ የምታየኝ የለችም። ቀላል የተባለው ነገር ግን ወንድን ያታልላል። «ማክሰኞ እራት የምሠራው እኔ ነኝ» ብዬ ባወጅሁ ጊዜ ባለቤቴ ቃል ሳትተነፍስ በረጅሙ አየችኝ፤ ያን አስተያየት ባል የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

የአሠራሩ መመሪያ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚከብድ አልነበረም። ድንችና ካሮት ከሥጋ ይልቅ ዘግይተው ስለሚበስሉ ከሥር፣ ለግለቱ ቅርብ ሆነው ይነጠፋሉ። በላያቸው በጨው፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል የታሸችው ዶሮ ትጋደማለች፤ ፎሶሊያውና ቲማቲሙ ይከተላሉ። እንፋሎቱ ክዳኑን መትቶ ተመልሶ ስለሚወርድ ግማሽ ኩባያ ውኃ ይበቃል። ድስቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም፤ ከዚያ ዝቅተኛው ላይ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ከፍተኛው ላይ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይተዋል። እኛ ዘንድ ትንሽ መጨመር ሳያስፈልግ አይቀርም፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ወደ ሐረር ሽቅብ ለወጣ ሰው ደግሞ 94 ላይ ይወርዳል። ዶሮዋም ከቀፊራ ገበያ የገዛኋት የአበሻ ዶሮ እንጂ በአርባ ቀን የምትደርስ የፈረንጅ ዶሮ አይደለችም፤ ዕድሜዋን በሙሉ ከባጃጅ ስትሸሽ የጠነከረች ናት።

ባለቤቴ ዶሮዋን በሎሚና በጨው ደጋግማ አጥባ፣ በደንቡ መሠረት ዐሥራ ሁለት ብልት አውጥታ ሰጠችኝ። ጥሬውን ከካሮት ጋር ስከተው ስታይ ግን መታገሥ አልቻለችም።

«ቁሌቱስ?»

«ቁሌት የለውም።»

«ዶሮ ያለ ቁሌት?» አለችና፣ ሰው እንደሞተበት ሁሉ ነጠላዋን ወደ አፏ ወስዳ ወጣች።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሰካሁትና ዕረፍት የወሰድሁበትን ቀን በክብር ልውል ተቀመጥሁ። መመሪያው ከሁሉ አስጠንቅቆ የሚናገረው ስለ ክዳኑ ነው፤ አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር የታመቀው ግለት ስለሚያመልጥ ለማብሰያው ጊዜ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የመጡት ሐጂያ ነበሩ። ሐጂያ ግድግዳ የሚያዋስኑን አዛውንት ጎረቤታችን ናቸው፤ የክርስቲያን እርድ አይበሉም፣ እኛም የእስላም እርድ አንበላም፣ በዚህ ምክንያት በአርባ ዓመት ጉርብትና ወጥ ተቀማምሰን አናውቅም። ስለ ወጥ መመካከርን ግን የከለከለን ሃይማኖት የለም። ክዳኑን ብድግ አድርገው እንፋሎቱን በአፍንጫቸው ሳቡና ሳይቀምሱ «ጨው አንሶታል ልጄ» አሉ። እርሳቸው በማሽተት ብቻ ጨው ይለያሉ፤ ተሳስተውም አያውቁም። አንድ ቁንጥር ጨመሩ።

ቀጥለው የምድር ባቡር ጡረተኛው ጋሼ መጡ። የመመሪያው መጽሐፍ በሦስት ቋንቋ የታተመ ስለነበር የፈረንሳይኛውን ገጽ አወጡና መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ድሮ የባቡር መነሻ ሰዓት ያውጁበት በነበረ ድምፅ «ኔ ፓ ኡቭሪር ለ ኩቬርክል!» ሲሉ አነበቡልኝ። ትርጉሙ ክዳኑን አትክፈት ማለት እንደሆነ አስረዱኝ። ኩቬርክል የቱ እንደሆነ በግልጽ እንድረዳ ደግሞ ክዳኑን አንሥተው ከፍ አድርገው አሳዩኝ፤ ጠብታው ክንዳቸው ላይ እስኪወርድ ድረስ ይዘውት ቆዩ። ሲመልሱትም «ጨው አድርገህበታል?» አሉና መልሴን ሳይጠብቁ አደረጉበት።

ከዚያ በኋላ ያለውን በዝርዝር አልተርክም። ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች ዶሮዋ መሞቷን ለማረጋገጥ ከፈቱ። ባለቤቴ ቡናውን ስታፈላ ሦስት ጊዜ፣ ለእያንዳንዱ ስኒ አንድ ጊዜ ያህል፣ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር ከፈተች። እኔም፣ መካድ አይቻልም፣ ሰዎቹ በመክፈታቸው የደረሰውን ጉዳት ለማየት ሁለት ጊዜ ከፈትሁ። ስደምረው ዐሥራ አንድ ሆነ፤ በመመሪያው ስሌት በአማካይ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ተበልቷል፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ የበሰለው የአንድ ሰዓት ተኩል ነው ማለት ነው። ጋሼ ድንቹን በሹካ ወግተው ሹካው አልገባ ሲላቸው፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው እግር ለሌለው ነው፤ እርሷ እኮ እግር ነበራት» ብለው ወጡ።

ስለ ድስቱ አመጣጥ ያነበብሁት ነገር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ይህን ድስት የፈጠረው ኧርቪንግ ናክሰን የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን፣ የፈጠራ መብቱን የጠየቀው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936፣ ያገኘው በ1940 ነው። ሐሳቡን ያገኘው እናቱ ስለ ልጅነት አገሯ ስለ ሊትዌኒያ ካጫወተችው ወግ ነበር። በዚያ ያሉ አይሁድ በሰንበት እሳት ስለማያነድዱ፣ ሥጋና ባቄላ የሞላውን ድስት ዓርብ ሳይመሽ ወደ ዳቦ ቤት ወስደው እየቀዘቀዘ በሚሄደው ምድጃ ውስጥ ያሳድሩትና በማግሥቱ ይበሉታል። ድስቱ በሰፊው የተሸጠው በ1971 ሌላ ድርጅት ክሮክ ፖት ብሎ ለገበያ ካቀረበው በኋላ ነው። እንግዲህ ዕቃው ከሥር ከመሠረቱ ሰንበትን ለማክበር፣ እጅን ለመሰብሰብ የታሰበ ነው። የእኛ ግቢ ሰንበትን ያከብራል፣ ጁምዓንም ያከብራል፤ ለድስት ዕረፍት መስጠት ግን በየትኛውም ወገን አልተጻፈም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

የትራንስፎርመሩ ማጉረምረም ሲቆም ግቢው በሙሉ ዝም አለ፤ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ክዳኑን ሊከፍት መጣ። ዶሮ ውስጧ 74 ዲግሪ ካልደረሰች አትበላም፤ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ለብታ ውስጥ ለብዙ ሰዓት የቆየ ምግብ ደግሞ የጀርም መራቢያ ነው። ምግቡን የያዘውን የውስጡን የሸክላ ድስት ከሰል ላይ ብጥደው እንደሚሰነጠቅ መመሪያው በሦስቱም ቋንቋ ስለተናገረ ወደ ብረት ድስት መገልበጥ ግድ ሆነ። ባለቤቴ ይህን ቃል ስትጠብቅ የዋለች ይመስል ከሰሉን አቀጣጥላ፣ ሽንኩርቱን አቁላልታ፣ በርበሬውን ጨምራ ተዘጋጅታ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ካሮትና ፎሶሊያ የገባበት፣ ታሪክ ሰምቶት የማያውቅ ዶሮ ወጥ በላን። ጨዋማነቱ ለብቻው ነበር፤ ቆጥሬ እንደደረስሁበት ከእኔ ሌላ አራት ሰው ጨው አድርጎበታል። ያን ሌሊት ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ውኃው እንስራ ሲመላለስ አደረ።

ሁለተኛውን ሙከራ ያደረግሁት በሌላ ሳምንት እሑድ ነው። ሴቶቹ በሙሉ፣ ሐጂያም ጭምር፣ ሳቢያን ወዳለ ሠርግ ሄደው ነበር፤ ልጆቹም ተከትለዋቸዋል። በግቢው የቀረነው ወንዶች ነን፤ ለወንዶቹ ደግሞ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ዶሮዬን ከትቼ፣ ዝቅተኛው ላይ አድርጌ ወደ በርጫው፣ ጫት ወደሚቃምበት ክፍል፣ ገባሁ። ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ትራሱ ተደርድሯል፣ የአወዳዩ ጫት እሽግ ተፈትቷል። ድስቱ በክፍሉ ጥግ፣ ሁላችን በምናየው ቦታ ነበር።

ሰባት ሰዓት ሙሉ ማንም አልነካውም፤ የተነጋገርነው ግን ስለ እርሱ ብቻ ነው። ጫቱ ሲይዘን ጋሼ የኤሌክትሪክ ድስት እዚሁ ድሬዳዋ እንድናመርት ሐሳብ አቀረቡ። ጠጋኙ ወዳጄ ከእነ ትራንስፎርመሩ እንዲሸጥ አደረገ። አንዱ ጎረቤቴ ሸክላውን ከየት እንደምናመጣ፣ ሌላው ደግሞ በባቡር ወደ ጅቡቲ የምንልከውን የበሰለ ዶሮ ብዛት አሰላ። በዐሥራ አንድ ሰዓት አክሲዮን ተከፋፍለን ነበር፤ በዐሥራ ሁለት ሰዓት በሥራ አስኪያጅነቱ ተቀያየምን፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ጋሼ አስታረቁን። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ሰው እንኳ ተነሥቶ ክዳኑን ብድግ አላደረገም፤ ዶሮ ለማየት መነሣት ያስፈልጋል፣ ሲቅሙ መነሣት ደግሞ ነውር ነው።

ሁለት ሰዓት ላይ ከፈትሁት። ሥጋው ከአጥንቱ በራሱ ጊዜ ለቅቆ፣ ካሮቱ ቅርጹን ሳይለቅ ለስልሶ፣ ድንቹ መረቁን ጠጥቶ፣ መረቁም የዝንጅብሉን ሽታ ይዞ ጠበቀኝ። ያቺ የቀፊራ ጎረምሳ በማንኪያ ተከፈለች። ሳህን ደረደርሁና ዞር ብዬ ባየሁ ጊዜ፣ ሁሉም እንደ ተቀጣ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ወደ ምንጣፉ ያያል። ጫት የቃመ ሆድ ምግብ እንደማይቀበል ለድሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። ጋሼ እንኳ ለይሉኝታ አንድ ካሮት አንሥተው በሁለት ጣታቸው ሲያዞሩት ቆይተው፣ ዓይኔን ከእርሳቸው ዘወር ሳደርግ ካሮቱን ወደ ገራባው፣ ወደ ጫቱ ትርፍራፊ፣ ጣሉት። የግቢው ፍየል በማግሥቱ አገኘችው።

ባለቤቴ ከሠርጉ የተመለሰችው አምስት ሰዓት አልፎ ነው። ሳህኖቹ ንጹሕ እንደሆኑ፣ ድስቱም ሙሉ እንደሆነ አየች፤ እኔንም አየችኝ። ጫማዋን ሳታወልቅ ቆማ ክዳኑን አነሣች፣ ከጭኑ ቆርጣ ቀመሰች፣ ዓይኗን ጨፍና አላመጠች። ሰነፉን በአንድ ቃል ይቅር ልትለው እንደሆነ ከፊቷ አነበብሁ።

«ጨው የለውም» አለች።

በጨለማው ውስጥ፣ ከግድግዳው ማዶ፣ የሐጂያ ድምፅ «ላምጣ?» ሲል ተሰማ።