የተለጠፈ ጎማ ስንት አየር ይሞላ?

በአገር ቤት ጎሚስታና በውጭ አገር ጎማ ቤት መካከል ያየሁት ልዩነት የእጅ ሙያ አይደለም። በሙያማ የእኛዎቹ ይበልጣሉ። ደብረ ሲና መውጫ ላይ ሚስማር የበሳው የሞተር ጎማ ሲለጠፍ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ልጁ ጎማውን በሁለት ብረት ከቸርኬው ፈልቅቆ ከመነዳሪውን (አየር የሚይዘውን የውስጡን ላስቲክ) አወጣ፤ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ለየ፤ ፋቀው፤ ማስቲሹን ቀብቶ እስኪደርቅ ጠበቀ (ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው)፤ ከዚያ ለጠፈ። ጎማውንም ከውስጥ በእጁ ዳበሰ፤ የሚስማሩ ስባሪ ቀርቶ ከሆነ አዲሱን ልጥፍ ወዲያው ይበሳዋልና። ሲነፋ ደግሞ ጥቂት ሞልቶ አስተነፈሰና እንደገና ሞላ፤ ከመነዳሪው ታጥፎ እንዳይቀር ነው።

እኔ በምኖርበት ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ባለሙያ መንገድ ዳር አይገኝም። ብዙ ጎማ ቤቶች የሞተር ጎማ አንለጥፍም ይላሉ፤ አዲስ መግዛት ነው።

«ስንት ሞላህ ወንድሜ?» አልኩት። በአውራ ጣቱ ጫን አደረገውና «ይበቃዋል ጋሼ» አለኝ።

የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) መስከረም ጀምሮ አዲስ የሚመረቱ ቀላል መኪኖች የጎማቸው አየር ከሚገባው በ25 በመቶ ሲቀንስ የሚበራ የማስጠንቀቂያ መብራት እንዲኖራቸው ግዴታ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ ማደያዎች ነዳጅ ለቀዳ ደንበኛ አየር ብቻ ሳይሆን የአየር መለኪያም በነጻ እንዲያቀርቡ በሕግ ታዘዋል። አውራ ጣት ግን 20ን ከ30 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት የሚለካበት አሃድ) አይለይም። አየሩ ሲያንስ የጎማው ጎን እየተጣጠፈ ይግላል፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመነዳሪውን ከቫልቩ ሥር ይቀደዋል። ሲበዛ ደግሞ ኮረት ላይ ይነጥራል፣ መሬት አይቆነጥጥም። ለትንንሾቹ ሞተሮች በተለምዶ የፊቱ 25፣ የኋላው ለአንድ ሰው 28፣ ሁለት ሰው ሲጫን 32 ገደማ ነው፤ የየሞተሩ ቁጥር መመሪያው ላይ አለ።

ሰሜን ሸዋ ላይ ነገሩ ይከብዳል። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን አየሩ ስስ ስለሆነ የእጅ ፖምፓ በአንድ ግፊት የሚያስገባው አየር ከባሕር ጠለሉ በሲሶ ገደማ ያንሳል። ክንዱ የዛለ ልጅ ደግሞ ሳይሞላ ቢያቆም አይፈረድበትም። ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ጣርማበር ተነስቶ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሞተረኛም «ቆላ ነው፣ ይሞቃል» ብሎ ጎማውን ማስተንፈስ የለበትም። ሙቀቱ የጎማውን ግፊት ቢጨምርም፣ ቁልቁል ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚያድግ የመለኪያው ንባብ ይቀንሳል፤ ሁለቱ በአብዛኛው ይካካሳሉ።

መለኪያዋ ባትሪ የማትፈልግ፣ ኪስ የምትገባ ርካሽ ዕቃ ናት። ለዘመድ ጫማና ሽቶ ስንጭን ለሰፈራችን ጎሚስታ አንድ ብንጨምር ሻንጣው አይከብድም። የሞተር ሻጮችም ከመፍቻው ጋር ቢሰጧት እወዳለሁ። ባለሞተሩም ከኋላው ሰውና ጭነት አፈናጦ ያን ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት «በመለኪያ እይልኝ» ይበል፤ ልጁ ያን ሁሉ ተጠንቅቆ የለጠፈው ጎማ በአየር ማነስ መበላሸት የለበትም።