«አትንኪ፣ ይሰበራል!»

ባለፈው ወር የልጄ ትምህርት ቤት ወላጆችን ጠርቶ ነበር። ኪንደርጋርተን ናት፣ አምስት ዓመቷ። «ከልጅዎ ጋር የሙዚቃ ክፍለ ጊዜ» ይላል የመጣው ወረቀት። እውነቱን ለመናገር ከሥራ አስፈቅጄ የሄድኩት ባለቤቴ ስለተቆጣች ነው። ለዘፈን ደግሞ ምን ቀጠሮ ያስፈልገዋል ባይ ነበርኩ።

ክፍሉ ውስጥ ወንበር የለም። ወላጅ ሁሉ ምንጣፍ ላይ ዘርፈጥ ብሏል። እኔም በሥራ ሱሪዬ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ተቀመጥኩ። ለየልጁ አንድ አንድ ዛይሎፎን ታደለ፤ ያ በትንሽ መዶሻ የሚመታው፣ ከረጅም እስከ አጭር እንጨት የተደረደረበት መሣሪያ። ከዚያ አስተማሪዋ እየዞረች ፋ እና ሲ የሚሰጡትን እንጨቶች ከየዛይሎፎኑ ላይ እየነቀለች በቅርጫት ሰበሰበች።

«ምን አጠፉ?» አልኳት። ካርል ኦርፍ የሚባል ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ካመጣው ዘዴ የተወሰደ ነው አለችኝ። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ሲቀሩ ልጁ የፈለገውን ቢመታ አይሳሳትም። ጎኑ ካለው ልጅ ጋርም አይጋጭም። ሁለቱ እንጨቶች የሚመለሱት ቆይቶ፣ ጆሮው ሲለምድ ነው።

ልጆቹ ድብደባውን ጀመሩ። የጠበቅኩት ራስ ምታት ነበር። የሰማሁት ግን ትዝታ ነው። ቀልዴን አይደለም። የቀሩት አምስቱ ድምፆች ቁርጥ የኛዎቹ ናቸው፤ ሙሉ ትዝታ የምንለው ቅኝት። ሜሪላንድ ውስጥ፣ የፕላስቲክ ዳይኖሰር በተደረደረበት ክፍል፣ የሳልቫዶሩም የኮሪያውም የናይጄሪያውም ልጅ ተሰብስቦ ትዝታ ይወቅጣል። ሆዴ ባባ። እነሱ ሁለት እንጨት ነቅለው የደረሱበት ቦታ እኛ ከድሮ ጀምሮ ቁጭ ብለንበት ነበር እያልኩ በልቤ ኩራት ቢጤ ጀመረኝ።

ኩራቱ አምስት ደቂቃ አልቆየም። «እስቲ ቤት ውስጥ ለልጆቻችሁ የምትዘፍኑትን አሰሙን» አለች አስተማሪዋ። የሳልቫዶሯ እናት ዘፈነች። የኮሪያው አባት በጆሮ ግንዱ ላብ እየወረደ ዘፈነ። የኔ ተራ ደረሰ። እሹሩሩን ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ ግጥሙ ጠፋኝና «እም... እም...» እያልኩ ጨረስኩት። ይሄስ ባልከፋ። ልጄ ዞር ብላ በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «አባዬ፣ አንተ ቤት አትዘፍንም እኮ» አለችኝ።

አልዋሸችም። እኛ ቤት የሚዘፍነው ታብሌቱ ነው።

ክራር ግን አለን! ሳሎን፣ ከሶፋው በላይ፣ ከሰፌዱ አጠገብ ተሰቅሏል። አዲስ አበባ ፖስታ ቤት አካባቢ ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ገዝቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ አውሮፕላን ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌ ያመጣሁት ነው። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልተመታም። ልጄ ሶፋው ላይ ቆማ እጇን በዘረጋች ቁጥር ከኩሽናም ሆነ ከመኝታ ቤት የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው። «አትንኪ፣ ይሰበራል!» አማርኛዋ ደካማ ነው፤ ይሄንን ዓረፍተ ነገር ግን እንደ ጎንደር ልጅ አድርጋ ነው የምትለው። ለአሻንጉሊቶቿ ሳይቀር ትለዋለች።

ያን ቀን ማታ ክራሩን አወረድኩት። አቧራው ሌላ ጉዳይ ነው። አውታሮቹ ረግበው እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተንዘላዝለዋል። መቃኘት አለበት። ማን ይቃኘው? ቅዳሜ ይዤው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወዳጆቼ ቡና የሚጠጡበት ቦታ ሄድኩ። አንዱ «ትክክለኛው ክራር ባለ አምስት አውታር ነው፣ ይሄ ስድስተኛው የኋላ ጭማሪ ነው» አለ። ሌላው ተቆጣ። ሦስተኛው ሰው ደግሞ ክራር የነማን እንደሆነ ማውራት ጀመረ። ከዚያ ወዴት እንደሄደ ታውቁታላችሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ሀገር ስትፈርስና ስትሠራ ክራሩ ወንበር ይዞ ተቀምጦ ያዳምጣል። ከመሀላችን አንድም ሰው በጣቱ አልነካውም። እኔም ሒሳብ ከፍዬ ክራሬን አቅፌ ተመለስኩ።

በመጨረሻ እንደ አስተማሪዋ አደረግኩ። የአሻንጉሊት ዛይሎፎን ገዛሁ። ፋ እና ሲን ነቀልኩ። ልጄ አንዱን እንጨት ትመታለች፣ እኔ መቃኛውን አጠብቃለሁ። «ገና ነው አባዬ። ገና ነው። አለፍከው!» ጆሮዋ ከኔ በብዙ ይሻላል። ስድስተኛው አውታር የመጀመሪያውን ድምፅ ከፍ አድርጎ የሚደግም ስለሆነ በጣም ሲጠብቅ ጧ ብሎ ተበጠሰ። የበጠስኩት እኔ ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ይሰበራል ስትባል የኖረችው ልጅ ምንም አልሰበረችም። ቀና ብላ አየችኝና ምንም ሳትለኝ እንጨቷን መታች።

ስለዚህ ነገር ሳስብ አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። እኛ ስናድግ «ሥነ ጥበብን ከልጅ ጋር መካፈል» የሚባል ነገር አልነበረም። ግን ዘፈን ሞልቶ ነበር። ቡሄ ሲደርስ ጎረምሳው ግጥም ያወርዳል፣ ትንንሾቹ እንቀበላለን፣ ዱላችን መሬቱን ይቀጠቅጣል። እህቶቻችን አደይ ይዘው በየቤቱ ይዞራሉ። ማንም አላስተማረንም። ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት ተጠቅጥቀን አባባ ተስፋዬ ሰላም ሲሉን በስክሪኑ ፊት ሰላምታቸውን እንመልስላቸው ነበር። ስክሪን የምትመልሱለት ነገር ነበር ያኔ።

ሥዕልም ቢሆን በዓመት አንድ ቀን ሙሉ ፈቃድ ነበረው። የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ ወረቀት ቆርጠን፣ እስኪያጥሩ በተቀረጹ ከለሮች አበባና ፀሐይ እንሥላለን። የኔ ፀሐይ ቅንድብ ነበራት። ጎረቤታችን የነበሩት እማማ ሳንቲም ሰጥተው ተቀበሉኝና በዱቄት ሙጫ ከካላንደሩ ጎን ለጠፏት። እስከ ፋሲካ አላወረዷትም። ሳልፍ ሳገድም በበሩ እያጮለቅሁ አያት ነበር።

በቀሩት 364 ቀናት ግን ሥዕል ማለት ከሰል ይዞ የተያዘ ልጅ ነው። አባቴ ደብተሬ ጀርባ ላይ ፈረስ ባየ ቁጥር «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይል ነበር። ማንኪያ ይዤ ሰሐን ከመታሁ ደግሞ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ይመጣል። የሚገርመው፣ ያው አባቴ ሠርግ ላይ አዝማሪ ሲያወድሰው ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለት ነበር። ለሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ጥበብ ነው፣ ለራስ ልጅ ሲሆን ውርደት።

እዚህስ? እዚህ ያለው አባት አያፍርም። የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ጠዋት ለሕፃናት በነፃ የዘፈንና የተረት ሰዓት አለው። አንድ ፈረንጅ አለ፣ ቁመቱ የበር መቃን የሚነካ፣ ድምፁ ያልተቀባ ማጠፊያ። እየዘለለ፣ እንደ ዳክዬ እየተራመደ፣ ከልቡ ይዘፍናል። ልጁ በሳቅ ይሞታል። እኔ ከኋላ ስልኬን እያየሁ እንደምሠራ እመስላለሁ። መጀመሪያ ታዘብኩት። ቆይቼ ቀናሁበት። አሁን እንደውም ያናድደኛል።

እንዳትሳሳቱ፣ የነሱም የራሱ ጣጣ አለው። ሁሉም በቀጠሮ ነው። ከ10፡30 እስከ 11፡00 ደስታ ነው፤ በ11፡01 ምንጣፉ ይጠቀለላል። ጎረቤቴ ቤት ልጆች ሲጫወቱ እንኳ ሰዓት የሚሞላ ዕቃ አላቸው፣ ጢጥ ሲል ቀለሙ ይከደናል። የኛ ሆያ ሆዬ የሚያልቀው ድምፅ ሲዘጋ ነበር።

ግን እኛ የያዝነው ምኑን ነው? የነሱን ቀጠሮ አልያዝን፣ የኛን ግርግር አልያዝን። በእናታችሁ ስለ ቤዝመንቱ እናውራ። የልጅ ልደት ነው ተብለን እንጠራለን። ስንደርስ ልጆቹ ጫማ አውልቀው በቀጥታ ወደ ምድር ቤት ይላካሉ። ፒዛ ይወርድላቸዋል፣ ታብሌት ይወርድላቸዋል፣ በሩ ይዘጋል። ከላይ ከበሮው፣ እስክስታው፣ ጭብጨባው ጣሪያ ያነቃንቃል። ትከሻው ያልተነቀለ የለም። ሌሊት ስድስት ሰዓት ሲሆን ልጆቹን ተኝተው እንደ ጆንያ በትከሻችን ተሸክመን እንወጣለን። ወዲያው መኪና ውስጥ «እነዚህ ልጆች ባህላቸውን ጨርሰው አያውቁም» የሚለው ወሬ ይጀመራል። ከየት ይወቁት? ጣሪያውን ሰንጥቆ ይግባላቸው? ባለፈው አንዷ ልጅ ደረጃ ላይ ወጥታ በሩን ከፈት አድርጋ እስክስታውን ስታይ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ «ውረጂ፣ ትልልቅ ሰዎች እየተጫወቱ ነው» አላት። እሺ፣ እኔ ነኝ። የኔው ልጅ ናት።

ሀገር ቤት ብወስዳት ይቀናል ብዬም ሞክሬያለሁ። አምና ነሐሴ አዲስ አበባ ነበርን፣ ሆን ብዬ ቡሄን አስልቼ። ያረፍነው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ እህቴ ዘንድ። ዋዜማው ዕለት ልጄን አልብሼ በረንዳ ላይ ቆመን ጠበቅን። ጥበቃው ልጆቹን አላስገባ ብሎ ኖሯል። ወርጄ ተማጽኜ አስገባኋቸው። አራት ናቸው፣ ዱላ የያዘው አንዱ ብቻ ነው። ትንሽ ስፒከር መሬት ላይ አስቀመጡና ሆያ ሆዬውን ከፈቱት። እነሱ ዙሪያውን ቆመው ይሰማሉ። ከኛ ጋር አብረው ያዳምጣሉ ማለት ነው።

«እናንተ ራሳችሁ ዝፈኑት እንጂ» አልኩ።

ትልቁ አዘነልኝ መሰለኝ። «ጋሼ፣ እሱ ይሻላል» አለኝ ስፒከሩን እየጠቆመ፣ «ግጥሙን አይረሳም።»

ምን ይባላል? እሹሩሩን ሁለተኛው መስመር ላይ ለጣለ ሰው ምን መልስ አለው። የእህቴ ልጆች ደግሞ በረንዳም አልወጡ፤ ካርቱን እያዩ ነበር፣ በእንግሊዝኛ። ልጄ ብቻ ናት ዱላውን ተቀብላ የፎቁን ሲሚንቶ ስትመታ ያመሸችው። ከታች ያሉት ጎረቤት መጥተው ተቆጡ።

ትንሽ የቀናኝ ያልጠበቅኩት ቦታ ነው። ባልቲሞር የዋልተርስ ሥነ ጥበብ ሙዚየም አለ፣ ከቤታችን ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ መስቀሎች፣ የብራና መጻሕፍትና ሥዕሎች ስብስቡ ከሀገር ውጪ ካሉት ትልልቆቹ አንዱ ነው። መግቢያው ነፃ ነው። ዓመታት በመንገዱ ሳልፍ ኖሬ ገብቼ አላውቅም ነበር። በቀደም ልጄን ወሰድኳት። ወረቀትና እርሳስ አውጥታ በሆዷ ወለሉ ላይ ተኛች። «ተነሽ!» ልል ስል ዘበኛው ፈገግ ብሎ እግሯን ዞሮ አለፈ። አፌን ዘጋሁ።

አንድ መስቀል ሣለች፣ ግማሹን። ከዚያ አንድ ሥዕል ላይ ጎኑን ሰጥቶ የቆመ ሰው አየች። «ይሄ ሰውዬ ለምን አንድ ዓይን ብቻ ኖረው?» አለችኝ። ይሄንንስ አውቀዋለሁ! አያቴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር አቁማ ነግራኛለች። በኛ ሥዕል ደግ ሰው ፊቱን አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉው በጎኑ ነው የሚሣለው፣ በአንድ ዓይን። ልጄ ከዚያ በኋላ ሥዕል በሥዕል እየሮጠች «ደግ! ደግ! ክፉ! ደግ!» እያለች አዳራሹን በጩኸት ሞላችው። ከልጄ ጋር በአማርኛ እንዲያ ረጅም ያወራሁበትን ቀን አላስታውስም።

እዚህ ላይ ባቆመው ጥሩ አባት መስዬ እቀር ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ኩሽናውን ሳጸዳ ወረቀት በወረቀት ሆኗል። ከትምህርት ቤት በየቀኑ ሦስት አራት ሥዕል ይመጣል፤ የት ይቀመጣል? ሰብሰብ አድርጌ ሪሳይክል ከተትኩት። ማታ የወተት ካርቶን ልትጥል ሄዳ ቆማ ቀረች። ከካርቶኖቹ ሥር እጇን ሰዳ አንዱን ጎትታ አወጣችው። ያ ግማሽ መስቀል ነው፣ የእርጎ ጠብታ አርፎበታል። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። በመዳፏ ጠረገችውና ወደ ክፍሏ ይዛው ገባች። ትዝ ያለኝ የእማማ ካላንደርና ባለ ቅንድቧ ፀሐይ ነው።

ጠዋት ስነሳ ፍሪጁ ላይ፣ በፒዛ ቤቱ ማግኔት፣ አዲስ ሥዕል ተለጥፏል። ባለቤቴ አለች፣ ፊት ለፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች። እሷም አለች፣ ሁለት ዓይን። ክራሩ እንኳ ዓይን ተሠርቶለታል። ዳር ላይ መነጽሬን ያደረገ፣ በጎኑ የቆመ ሰው አለ። አንድ ዓይን።

አላወረድኩትም። እንግዳ ሲመጣ «ይሄኛው ማነው?» ይላል።