መጋዙን ለሴቶችም ስጧቸው

ሴቶች ደን ለመንከባከብ የሞተር መጋዝ አያያዝ እየተማሩ ነው ሲባል አንዳንዱ ፈገግ ይላል፤ ሌላው «የጉልበት ሥራ እኮ ነው» ብሎ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሁለቱም መጋዙን ቀርበው ያዩት አይመስለኝም።

በደንብ የተሳለ ሰንሰለት ከሞላ ጎደል በራሱ ክብደት እንጨቱ ውስጥ ይሰምጣል። ተጭኖ የሚገፋ ሰው ካያችሁ ሰንሰለቱ ዶልዱሟል፤ የሚወጣው ብናኝም እንደ ዱቄት የላመ ነው። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ጫፍ የላይኛው ክፍል ሳይታሰብ እንጨት ከነካ ደግሞ መጋዙ ወደ ያዘው ሰው ፊት ይወነጨፋል። ይህን በጡንቻ የሚመልስ ወንድ የለም፤ ነገሩ ከሰው ምላሽ ይፈጥናል። የሚያድነው የሰንሰለት ፍሬኑ፣ የፊት እጀታውን ከሥር የጨበጠ የግራ አውራ ጣትና ከመጋዙ መስመር ገለል ያለ አቋቋም ነው።

ዛፍ መጣልም ከሁሉ በፊት ዛፉን ማንበብ ነው። ወዴት አጋድሏል? ላዩ ላይ የደረቀ ቅርንጫፍ አለ? መውደቅ ሲጀምር ቆራጩ በየት በኩል ይሸሻል? ከዚያ በሚወድቅበት ወገን ግንዱ በሽብልቅ ቅርጽ ተቆርጦ አፍ ይከፈትለታል፤ ከጀርባው ሲቆረጥ ደግሞ መሃል ላይ የግንዱን ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል ሳይቆረጥ ይተዋል። አወዳደቁን የሚመራው ያ የተተወ እንጨት ነው። እሱን በጥሶ ያለፈ ሰው፣ ክንዱ የቱንም ያህል ቢፈረጥም፣ ዛፉን ማዘዝ አይችልም።

ደግሞ ነገሩ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወንዶቹ ሲዘምቱ ብሪታንያ በ1942 እ.ኤ.አ. የሴቶች የእንጨት ቡድን አቋቁማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶችን ጫካ አሰማርታለች። የሚቆርጡት በመጥረቢያና ሁለት ሰው በሚስበው መጋዝ ነበር፤ ዛሬ ከሚማሩት እጅግ የከበደ ሥራ። ጦርነቱ አብቅቶ በ1946 ቡድኑ ተበተነ። ስኮትላንድ ውስጥ ሐውልት የቆመላቸው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ያህል የተረሱት ችሎታቸውን የተጠራጠረ ስለነበር አይመስለኝም፤ ሥራው ስለተወሰደባቸው እንጂ።

ለሴቶች ብቻ የሚሰጥ ሥልጠና «ማግለል ነው» የሚሉ አሉ። ለመጀመሪያው ኮርስ እኔ እደግፈዋለሁ። ከብዙ ወንዶች መሃል ብቻዋን የቆመች ሠልጣኝ ሞተሩ እምቢ ባላት ቁጥር ጥፋቱ የሴትነቷ ይሆናል፤ ግማሽ የሚያውቀውም ቀድሞ መጋዙን ይነጥቃታል። ፈተናው ግን ለሁሉም አንድ ይሁን።

ስለ ልብሱም ልናገር፤ የምቾት ጉዳይ አድርገው የሚያዩት ሰዎች ያናድዱኛል። የመከላከያው ሱሪ በውስጡ ረጃጅም ክሮች አሉት፤ ሰንሰለቱ ሲነካው ክሮቹ ተስበው ይጠመጠሙና ያቆሙታል። ለወንድ ቁመና የተሰፋ ሱሪ ሴቷ እግር ላይ ከዞረ ግን መከላከያው ከፊት ወደ ጎን ይሄዳል። እጇ ውስጥ የሚዋኝ ጓንትም እንዲሁ አደጋ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የደኑ ዕጣ ነው። ደን ማሳሳት ማለት የተጨናነቁትን፣ የተጣመሙትንና የታመሙትን ዛፎች አንስቶ ለጥሩዎቹ ብርሃን መስጠት ነው። መጋዝ የማታውቅ የደን ባለቤት በኮንትራት በሚቆርጥላት ሰው እጅ ነች። እሱ ደግሞ ገበያ የሚያወጣውን ቀጥ ያለ ግንድ ወስዶ ጠማማውን ቢተውላት እንዴት ትከራከረዋለች? ሥራውን የምታውቅ ሴት ባትቆርጥ እንኳ የሚቆረጠውን ራሷ ምልክት ታደርጋለች፤ ሲቆረጥም ታውቅበታለች።

ስለዚህ ኮርስ አዘጋጆቹ የምስክር ወረቀት ሰጥተው አይሰናበቱ። ካልተሠራበት እጅ ይረሳል። ሴቲቱ የምትዋሰው መጋዝ፣ በልኳ የተሰፋ ልብስና ልምድ ካለው ሰው ጋር የምትሠራባቸው የመጀመሪያ ወራት ያስፈልጓታል። ጫካ ውስጥ በመጋዝ ብቻውን መሥራት ለወንድም አይመከርምና ባልደረባ ይፈለግላት።