አውጫጭኝ በስቶክሆልም

ሀዋሳ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ለአጎቴ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ የስኳር መለኪያ እና ሦስት የፖሊስ ልብወለድ ይዤ ነበር። ሸሚዞቹን "ተባረክ" ብለው ወደ ጎን አደረጓቸው። መለኪያውን እትዬ ወሰዱት። መጽሐፎቹን ግን አገላብጠው አዩና መነጽራቸውን አስመጡ።

"ማነው ይሄ ማርቲን ቤክ? ማዕረጉ ምንድነው?"

ጋሼ ጡረታ የወጡ የወንጀል መርማሪ ናቸው። ልብወለድ ሲያነቡም ማዕረግ ይጠይቃሉ።

ስቶክሆልም መኖር ከጀመርኩ 16 ዓመት ሊሞላኝ ነው። የስዊድንን ቋንቋ ግማሹን ከክፍል፣ ግማሹን ከማርቲን ቤክ ነው የተማርኩት። ማይ ሾቫል እና ፔር ቫሉ የሚባሉ ጋዜጠኛ ጥንዶች ከ1965 እስከ 1975 በፈረንጆቹ ስለዚህ መርማሪ 10 መጽሐፍ ጽፈዋል። እያንዳንዱ 30 ምዕራፍ ነው። ማታ ልጆቻቸውን አስተኝተው አንድ ምዕራፍ እሷ፣ አንድ ምዕራፍ እሱ ይጽፉ ነበር። 10ሩም መጽሐፍ አንድ የጋራ ንዑስ ርዕስ አላቸው፤ "የአንድ ወንጀል ታሪክ" ማለት ነው። ጸሐፊዎቹ ግራ ዘመም ናቸው። በእነሱ ዓይን ትልቁ ወንጀለኛ "ሁሉ የተሟላለት" የሚባለው የስዊድን ሥርዓት ራሱ ነው።

በሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት በወር አንዴ እየተሰበሰብን ስለ መጽሐፍ እናወራለን። ሰባት ሰዎች ነን፣ ከእኔና ከአንዲት ወጣት በስተቀር ሁሉም ጡረተኞች። ባለፈው ክረምት እነዚህን መጽሐፎች ነበር ያነበብነው። ቡናና ቀረፋ ዳቦ አለ። ሁሉም በየተራ ይናገራል። አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ነው፤ እኔ መጀመሪያ ሰሞን የተጣሉ መስሎኝ ነበር።

ወጣቷ "ይንቀራፈፋል" አለች። እውነቷን ነው። በመጀመሪያው መጽሐፍ፣ በ"ሮዝአና"፣ አንዲት ሴት ሞታ ከቦይ ውስጥ ትወጣለች። ማን መሆኗ እስኪታወቅ ብቻ ወራት ያልፋሉ። አሜሪካዊት ሆና ስለተገኘች ደብዳቤው ውቅያኖስ ተሻግሮ መመለስ አለበት። ከጎኔ የሚቀመጡት ሽማግሌ ደግሞ ያን መንቀራፈፍ ነው የወደዱት። "ያኔ ኑሮ ራሱ እንዲህ ነበር" አሉ። ሌላዋ የመጨረሻዎቹን ሦስት መጽሐፎች "የፓርቲ በራሪ ወረቀት" ብላ ጣለቻቸው። አንዱ ከ1997 ጀምሮ በቴሌቪዥን የሚታየውን ቤክ እንጂ መጽሐፉን አያውቅም ነበርና የመጽሐፉ ቤክ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዘው፣ ሆዱን የሚያመው፣ ማታ ማታ የመርከብ ሞዴል የሚገጣጥም ሰው መሆኑ ቅር አሰኘው። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ሁሉም ኮቱን ለብሶ ወጣ።

ሀዋሳ ሌላ ነው። እዚህ ያነበቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አስተያየት የሰጠው ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው።

ጋሼ በቀን እያነበቡ ማታ ቡና ላይ ይተርካሉ። ጎረቤታችን የእንግሊዝኛ መምህር ከእሳቸው እጅ እየተቀበለ ያነባል፤ ጋሼ ሲተርኩ ያጋነኑትን ያርማል። እትዬ ይሰማሉ። ከግቢያችን የሚያድር አንድ ባለ ባጃጅ ወጣት አለ፣ እሱም ይሰማል። አራተኛው መጽሐፍ፣ "ሳቂታው ፖሊስ"፣ አንድ ሌሊት ስቶክሆልም ውስጥ አውቶቡስ ላይ የነበሩ ሰዎች በጥይት ሲፈጁ ይጀምራል። ከሟቾቹ አንዱ የቤክ ባልደረባ ነው። ልጁ ያቋረጠው እዚህ ላይ ነው።

"ሾፌሩስ?"

"ሞቷል።"

ከዚያ ወዲህ አንድም ማታ አልቀረም። ማታ ማታ ጥሩ ሥራ የሚገኘው ፒያሳ ነው፤ እሱ ግን ገዳዩን ሳያውቅ ንቅንቅ አልል አለ።

እትዬ ገዳዩ ግድ አልሰጣቸውም። የቤክ ትዳር ነው ያንገበገባቸው። ሰውየው ከሚስቱ ጋር አይግባባም፣ በኋላም ይለያያሉ። ስዊድን ውስጥ ይህን ነገር "የዘመኑ የወንዶች ብቸኝነት" ብለን ብዙ ተፈላስፈንበት ነበር። እትዬ "እሷስ ምን አለች? የእሷን ቃል ተቀበሉ?" ብለው ጠየቁ። አልተቀበሉም። አሥር መጽሐፍ ሙሉ ምርመራ ሲካሄድ የሚስትየው ቃል አልተመዘገበም። ይህን ከሰባታችን አንዳችንም አላየነውም ነበር። የጉንፋኑን ነገር ደግሞ በአንድ ቃል ጨረሱት፤ ዳማከሴ።

መምህሩ ያለው ሌላ ነው። እኛ አገር ሰው ስለ ወንጀል የሚያነበው ከመጨረሻው ጀምሮ ነው አለ። "ፖሊስና እርምጃው" ጋዜጣን አስታወሰኝ፤ አባቴም አያመልጠውም ነበር። እዚያ ላይ ታሪኩ ሲጀመር ሌባው ተይዟል። የቀረው ምክር ነው። የይልማ ሀብተየስን የመርማሪ ልብወለዶች እያነበበ ያደገ ሰው ነው፣ ከማሞ ውድነህ የስለላ ትርጉሞችም የቀረው የለም። "ግን አብሮኝ የሚያረጅ መርማሪ አላገኘሁም" አለ። በሁለት መጽሐፍ መካከል የቤክ ልጅ አድጋ ከቤት መውጣቷ ከግድያው ይልቅ እሱን ይዞታል። እሱም ሴት ልጅ አለችው፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

ጋሼ እስከ እሑድ ድረስ ፍርድ አልሰጡም። እሑድ አሞራ ገደል ወረድን። ዓሣው ተጠብሶ እስኪመጣ አባ ኮዳዎቹ ከበውናል፤ ራሰ በራ፣ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ ቃል ሊቀበሉ የመጡ ይመስላሉ። ጋሼ ቆሮሶውን በአዋዜ እያጣቀሱ ጀመሩ።

"የጻፉት ሰዎች ጣቢያ ያውቃሉ" አሉ። መጽሐፉ ውስጥ ምርመራው በጥያቄና በመልስ፣ መዝገብ ላይ እንዳለ ተገልብጦ መቅረቡን ወደውታል። ተጠርጣሪው ሲዋሽ ዓረፍተ ነገሩ እንደሚረዝም እሳቸውም በ30 ዓመት ሥራ ያዩት ነው። ቱሪስቶች መርከብ ላይ ያነሱትን ፎቶ ከየአገሩ አስልኮ አንድ በአንድ የሚያይ ፖሊስ አስቀንቷቸዋል። "እኔ ለአንድ ፎቶ ስንት ደብዳቤ ጽፌያለሁ!"

"ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ይህ ሁሉ ሰው ሲኖር፣ ማንም ምንም አያውቅም?"

አያውቅም አልኳቸው። እኔ በምኖርበት ፎቅ ከግድግዳው ማዶ ያለውን ሰው ስም የማውቀው ከበሩ ላይ ነው። አምና ብስክሌቴ ተሰረቀብኝ። በስልክ አመለከትኩ። በአራተኛው ቀን ጨዋ ደብዳቤ መጣልኝ፤ ፍንጭ ስለሌለ ምርመራው ተዘግቷል ይላል። ከሥሩ፣ የወንጀል ተጎጂ ሆኜ የሚያናግረኝ ሰው ከፈለግሁ የምደውልበት ቁጥር ተጽፏል። ለብስክሌት!

ጋሼ ሳቁ። የአባቴን ብስክሌት አስታውሰው ነው የሳቁት።

እኔ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አባቴ ብስክሌቱን ከበር ላይ ተሰረቀ። ሀዋሳ ያኔ የብስክሌት ከተማ ናት፤ ብስክሌት ማጣት እግር ማጣት ነው። ጠዋት ተሰረቀ፣ እኩለ ቀን ላይ ማን እንደወሰደው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወተት የምታመጣልን ልጅ ሳትቀር ታውቃለች። ጣቢያ ሄዶ ቃል የሚሰጥ ሲፈለግ ግን "ዓይኔን ግንባር ያድርገው" ነው መልሱ። የልጁ እናት የእድራችን አባል ናቸው። ማን ከማን ይጣላል? በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ገባበትና ብስክሌቱ ማታ ተመልሶ ከአጥሩ ተደግፎ ተገኘ። ኮርቻ የለውም። ስለ ኮርቻው እስከ ዛሬ ማንም አንስቶ አያውቅም።

"አየህ" አሉ ጋሼ፣ "እኔ በሥራ ዘመኔ ገዳይ ፍለጋ ደክሜ አላውቅም። ገዳዩንማ በማግስቱ አውቀዋለሁ። እንጀራዬን ያወጣሁት ምስክር በመለመን ነው። 14 ቀን ጊዜ ቀጠሮ እጠይቃለሁ፣ ያልቃል፣ ደግሞ እጠይቃለሁ። ሆድ ይፍጀው ያለ አገር ላይ ቤክህ ቢመጣ በወሩ ሥራውን ይለቅ ነበር።" ቀጠሉና የድሮውን አውጫጭኝ አነሱ። ወንጀል ሲፈጸም አገሬው አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው ካልወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። ከብት ይራባል፣ አዝመራ ይበላሻል፣ በመጨረሻ አንድ ሰው ይናገራል። "ስዊድኖቹን አንድ ሜዳ ላይ ብትሰበስባቸው ምን ያወጣሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

ሰባቱን የቤተ መጻሕፍት ሰዎች በዓይነ ሕሊናዬ ሜዳ ላይ ሰበሰብኳቸው። በየተራ፣ በጨዋነት፣ ምንም አለማወቃቸውን ይናገራሉ። እውነታቸውንም ነው። የቱ እንደሚሻል አላውቅም። የማያውቅ ጎረቤት ያስፈራል። አውቆ ዝም የሚል ደግሞ፣ ዝም ያለው ለአንተ ሲሆን ደስ ይላል። ኮርቻው ያንተ ሲሆን ግን…

ይህን ሰሞን ስለ ስቶክሆልሙ ስብሰባችን ሳጫውታቸው "የመጽሐፍ የውይይት ክበብ" ብዬ ነበር። ጋሼ ፊታቸው ተለወጠ። "የውይይት ክበብ እስከ ዛሬ አለ?" አሉ። በደርግ ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የነበረው መጣባቸው። ሥራ ትተው፣ ያልገባቸውን እንደገባቸው አድርገው የሚናገሩበት። የኛ በውዴታ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ደከምኩ፤ አላመኑኝም መሰለኝ።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የመጨረሻውን፣ "አሸባሪዎቹ"ን፣ ጨረሱ። ፔር ቫሉ መጽሐፉ በወጣበት ዓመት፣ በ1975፣ በ48 ዓመቱ እንደሞተ፣ ማይ ሾቫል ደግሞ እስከ 2020 እንደኖረች ነገርኳቸው። ያሳሰባቸው ግን ቤክ ነው። "ጡረታው ሳይከበርለት ነው የቀረው?" አሉ። ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ከፍተው ጣታቸውን ከሥር አስቀመጡ። ማርቲን ቤክና ጓደኛው ከሴቶቹ ጋር የቃላት ጨዋታ ሲጫወቱ ነው የሚያልቀው፤ አሥሩ መጽሐፍ የሚዘጋበት የመጨረሻ ቃል "ማርክስ" ነው። ስቶክሆልም ላይ የክበባችን ሰዎች በዚህች ቃል ምክንያት ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ ተራ ሳይጠብቁ የተናገሩት።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እትዬ ደንግጠው ከማድ ቤት ወጡ።

"ሦስት መጽሐፍ ሙሉ አስከትለውኝ" አሉ፣ "መጨረሻው ስብሰባ!"