ድምፅ የሌለው ኦርጋን

ጅማ ውስጥ ዕቃ ብቻውን የሚገዛ ሰው የለም። ጫማ እንኳ መርካቶ ወርደህ ከመግዛትህ በፊት ጎረቤት ይመክርበታል፤ ከገዛህ በኋላ ያው መካሪ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ተበልተሃል» ይልሃል። ቤቱ ቁጭ ብሎ ሙዚቃ መሥራት ያማረው ጎረምሳ ሚዲ ኪቦርድ (ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ የሚሠራ ኦርጋን መሰል ዕቃ) ልምረጥ ብሎ ሲነሳ ምን እንደሚጠብቀው እንግዲህ አስቡት።

ክርክሩ የሚጀምረው በቁልፍ ብዛት ነው። 88 አለ፣ 61 አለ፣ 49 አለ፣ ከላፕቶፕ ፊት ጠረጴዛ ጥግ ላይ የምትቀመጥ ባለ 25ም አለች። የእኛ ሰው ኦርጋን የሚያውቀው ግን ከሠርግ ድንኳን ነው፤ ረጅም መሆን አለበት፣ እግር ሊኖረው ይገባል፣ ከኋላው የቆመውም ሰው ኮት መልበስ አለበት። ባለ 25ቷን ሲያይ «ለሕፃን ነው?» ይላል። ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። በ1943 እ.ኤ.አ. እዚሁ ጅማ ተወልዶ የከተማው የሙዚቃ ክርክር ሁሉ መዝጊያ ሆኖ ቀረ። «ሙላቱ የተወለደባት ከተማ በ25 ቁልፍ?» ይባላል። እሱ የሚታወቅበት ቫይብራፎን፣ ያ በበትር የሚመታው የብረት ዘንግ መሣሪያ፣ መደበኛው ያለው 37 ዘንግ ብቻ ነው ብትል የሚሰማህ የለም፤ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ ወሬውም ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ዞሯል።

እኔ የባለ 25ቷ ወገን ነኝ። ትዝታ ሜጀር የሚባለውን ቅኝት ከዶ ተነስተህ ዳር እስከ ዳር ብትጫወት ከ25ቱ የምትነካው 11ዱን ነው። ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም በአንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ውስጥ ከ5 ድምፅ አያልፉም፤ የቀረው ቁልፍ አቧራ ይጠጣበታል። ከፍ ዝቅ ማለት ያስፈለገው የኦክታቭ መቀየሪያዋን ይጫን። ሁለት እጁን ዘርግቶ ፒያኖ መማር የሚፈልግ እርግጥ በዚህ አይሆንለትም፤ እሱ 61 ይግዛ፣ ጠረጴዛም ይግዛ፣ ከተቻለም ሰፋ ያለ ቤት ይከራይ።

መጠየቅ የነበረበት ሌላ ነው። ቁልፎቹ የፒያኖ መጠን ናቸው ወይስ ጠበብ ያሉ? ጣቱ ወፍራም የሆነ ሰው ጠባቦቹ ላይ አምባሰል ብሎ ጀምሮ አጠገብ አጠገቡን እየነካ አንቺሆዬ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ችክችካ በጣት የሚመታበት ፓድ፣ ማለትም ትንሽ የጎማ መምቻ፣ አለው? ከባለ 25ቶቹ አካይ ኤምፒኬ ሚኒ የሚባለው 8 ፓድና 8 ኖብ (ድምፅ ማስተካከያ የሚዞር ቁልፍ) አለው፤ ኮርግ ናኖኪ 2 ሁለቱም የሉትም፣ ግን ከመቅጠኑ የተነሳ ከላፕቶፑ ጋር አንድ ቦርሳ ይገባል። ሁለቱም በዩኤስቢ ከላፕቶፑ ስለሚመገቡ መብራት ቢሄድ እንኳ ባትሪው እስኪያልቅ ሥራ አይቆምም። ይህን ጥቅም ለጅማ ሰው ማብራራት አያስፈልግም።

ደግሞስ ማን መርጦ ነው? የሚመርጠው ሻንጣው ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ሲል «ባለ 61» የሚል ሰው ዝምድናው እንዲቀጥል አይፈልግም። የሻንጣው 23 ኪሎ ገና ድሮ በአክስት መድኃኒት፣ በሙሽራ ጫማና ማን እንዳዘዘው በማይታወቅ ብርድ ልብስ ተይዟል። ትንሿ ግን አንድ ኪሎ ስለማትሞላ ብርድ ልብሱ ውስጥ ተጠቅልላ ትገባለች። ሲመለስ ደግሞ በእሷ ቦታ ቡና፣ በርበሬና ሽሮ ይሄዳል፤ ሚዛኑ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ያኔ ነው።

ትልቁ ጉድ የሚፈላው ግን ዕቃው ቤት ሲገባ ነው። የሰፈራችን ልጅ ባለ 25ቷን ባስመጣ ማግስት ጎረቤቱ እማማ መጥተው አንዷን ቁልፍ ጫን አደረጉ። ዝም። ሌላዋን፤ ዝም።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሞቷል። ሰውዬው ሳይሄድ መልስለት!»

አልሞተም። ሚዲ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያስተላልፈው ድምፅ ሳይሆን ትእዛዝ ነው፤ የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ ምን ያህል ጠንከር ተደርጎ፣ መቼ ተለቀቀ። ጥንካሬው ሳይቀር ከ1 እስከ 127 ቁጥር ተሰጥቶት ይሄዳል። ድምፁን የሚያወጣው ላፕቶፑ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ነው። ልጁ ይህን ሁሉ አስረድቶ ሲደክመው እኔ ገባሁበትና «እማማ፣ እንደ እድራችን ሊቀመንበር ይዩት፤ ድንኳን አይተክልም፣ ወንበር አያነሳም፣ ግን እሱ ካላዘዘ ማንም አይነቃነቅም» አልኳቸው። ወዲያው ገባቸው።

«ታዲያ ለዚህ ነው በዶላር የተገዛው?»

ልጁ ላፕቶፑን ከፍቶ የማሲንቆ ድምፅ መረጠና ትዝታን ያዘ። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው አዳመጡ፣ ራሳቸውን ወዘወዙ፣ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ሲጨርስ መረቁት። በር ላይ ደርሰው ግን ዞር አሉ፦

«ለትንሿ ልጄ ሠርግ አንተው ትጫወታለህ። ብቻ ረጅሙን ኦርጋን ተከራይተህ ከፊት አቁመው፣ ይቺን ከኋላው ደብቀህ ንካ። አማቾቼ እንዳያዩብኝ።»