ልምድ ልውውጥ በሰሜን ሸዋ

ሰኔ ለገበሬው የዘር ወር ነው። ለቢሮ ሰው የበጀት መዝጊያ ነው። ሐምሌ 1 የተከፈተው በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልወጣ ብር ተመላሽ ይሆናል። ብር ተመላሽ ያደረገ ኃላፊ ደግሞ ቆጣቢ አይባልም። ዕቅዱን ያልፈጸመ ነው የሚባለው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ እስክሪብቶ ስትጠይቃቸው "በጀት የለም" ሲሉህ የከረሙት የፋይናንስ ኃላፊ፣ ሰኔ ላይ ራሳቸው ይደውላሉ። "ከሥልጠና የተረፈች ትንሽ ነገር አለች፤ ምን ብናደርጋት ይሻላል?"

ለዚህ ጥያቄ በየቢሮው አንድ መልስ ነው ያለው። ልምድ ልውውጥ!

እኛ የተመረጠልን ቦታ ሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ያለ የሙያ ማሠልጠኛ ነው። ለምን እሱ? አንዱ "ሥራችን ከሙያ ሥልጠና ጋር በተዘዋዋሪ ይገናኛል" አለ። ሌላው "እዚያ በግ ይረክሳል" አለ። ሁለተኛው ምክንያት ቃለ ጉባኤው ላይ አልሰፈረም።

የተጓዦች ስም ዝርዝር ወጣ። ዳይሬክተሩ አሉ። ምክትላቸው አሉ። ዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ፣ ሕዝብ ግንኙነት፣ ኦዲት፣ ሁሉም አለ። የኦዲቷ እትዬ ለምን እንደሚሄዱ የጠየቀ የለም። ኦዲተርን "ለምን ይሄዳሉ?" ብሎ የሚጠይቅ ጤነኛ ሰው የት ይገኛል? የቀሩት የጥገናው ጋሼ ናቸው። በቢሯችን መዶሻ የሚይዙት እሳቸው ብቻ ናቸው። የዳይሬክተሩን የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር ያቃኑት፣ የበሩን ሰረገላ ቁልፍ የቀየሩት፣ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን የሽንት ቤት ቧንቧ በላስቲክ አስረው ያቆዩት እሳቸው ናቸው። የሙያ ትምህርት ቤት አይቶ የሚገባው ሰው ቢኖር እሳቸው ነበሩ። ግን ሰብሳቢው "እሳቸው ከሄዱ ቧንቧው ቢፈነዳስ?" ብለው ጠየቁ። መልስ ጠፋ። እኛ ብንሄድ ምን ይፈነዳል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ከዚያ የአበል ጉዳይ መጣ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። በጠዋት የወጣ ሰው ጎብኝቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ማታ ቤቱ ይገባል። ችግሩም ይኸው ነው። ቤቱ ያደረ ሰው የመኝታ አበል የለውም። ስለዚህ የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ቀን "ጉዞና ዕረፍት" ተብሎ ተያዘ። በኮስተር፣ በአስፋልት፣ እንቅልፋችንን እየተኛን ሄደን ከድካማችን ልናርፍ! የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን እየነዳ ስንት ቀን በእግሩ የተጓዘበት መንገድ ነው። ቢሰማን ምን እንደሚለን አላውቅም።

ሰንዳፋ ላይ ቁርስ ተበላ። ሸኖ ላይ ቅቤ ይገዛ አይገዛ የሚል ክርክር ተነሣ። የሸኖ ቅቤ ስም እንኳን በእኛ ኮስተር በየጓዳው የታወቀ ነው። እትዬ "ሲመለሱ ነው የሚገዛው፤ አሁን ከተገዛ ይቀልጣል" አሉ። ዕቅድ ክፍሉ "ስንመለስ ቢያልቅስ?" አለ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ጉዞ ላይ በጥልቀት ተመክሮ በሙሉ ድምፅ የተወሰነ ነገር ቢኖር ቅቤው ነው። ሲመለሱ ይገዛ ተባለ።

ጫጫ አካባቢ የሕዝብ ግንኙነቱ ልጅ የመኪናውን ማይክ አነሣ። "ዳግማዊ ምኒልክ የተወለዱባት አንጎለላ እዚሁ ቅርብ ናት፤ ነሐሴ 1836 ዓ.ም." አለ። "ወርደን ፎቶ እንነሣ?" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። አልተወረደም። እኔን ግን ሐሳብ ወሰደኝ። እኚሁ ንጉሥ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው አትስደቡ የሚል አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ እያላችሁ አታዋርዱ ነው ነገሩ። አዋጁ ሠርቷል። ዛሬ በያጁን ፊት ለፊት የሚሰድብ የለም። ልጁን ግን "ካላጠናህ ቴክኒክና ሙያ ነው የምትገባው!" ብሎ የሚያስፈራራ አባት ሞልቷል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን መሰናዶ ያልገባ ልጅ ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላካል። ዘመዱ ለቅሶ እንደመጣ ሰው "አይዞህ፣ ይኼም አንድ ነገር ነው" ይለዋል። ያ ልጅ ዛሬ ጋራዥ ከፍቷል። "አይዞህ" ያለው ዘመዱ መኪናውን አስጠግኖ "ትንሽ ቀንስልኝ" እያለ ይለምነዋል።

ደብረ ብርሃን አደርን። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ሲከትሙ ምን ለብሰው እንደነበር ማወቅ እፈልጋለሁ። እኛ የለበስነው ቲሸርት ነው። ደረቱ ላይ "የልምድ ልውውጥ ጉብኝት" ተጽፎበታል፤ ከበጀቱ ጥሩ ድርሻ የበላው እሱ ነው። ክትትልና ግምገማው በሌሊት ተነሥቶ የሆቴሉን ብርድ ልብስ እንደ ጋቢ ተከናንቦ ለቁርስ ወረደ። ማንም አልሳቀበትም። ሁላችንም የቀናነው በእሱ ነው።

ከከተማ ወጥተን ጥርጊያውን ስንይዝ ዝናቡ ለቀቀው። ጭቃ ሆነ። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብተን ስንወጣ የኮስተሩ ማርሚታ ተገንጥሎ ተንጠለጠለ። ግቢው ውስጥ የገባነው እንደ ትራክተር እያጓራን ነው። ሠልጣኞቹ በሁለት ረድፍ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቆሙ ፀጉራቸው ይናገራል፤ ዝናቡ ሰርስሮታል።

ወርክሾፕ ለወርክሾፕ ዞርን። በአንዱ የመንዝ በግ ፀጉር ይበጠራል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል። አካባቢው ከበግ ፀጉር የሚሸመነው የበና አገር ነው፤ ደብረ ብርሃንም ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ስለዚህ ይህ ሙያ እዚህ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በሌላው ልብስ ስፌት። በሌላው እንጨት ሥራ። በመጨረሻው ብየዳ። መምህሩ በትሕትና አስረዱን። ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ የጨረሰ ሠልጣኝ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና ይፈተናል። የትብብር ሥልጠና በሚባለው አሠራር 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በተቋም እንዲሆን ይጠበቃል።

"ታዲያ ሥራ ቦታው የት ነው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

በመስኮት አሳዩኝ። ገብስ ማሳ ነው። ፋብሪካ ያለው ከተማ ነው፤ ከተማ ለመዋል ደግሞ ትራንስፖርትና የቤት ኪራይ ያስፈልጋል። የገበሬ ልጅ ይህን ከየት ያመጣል? መብራትም ሲሻው ይመጣል፣ ሲሻው ይሄዳል፤ ጄነሬተሩ ናፍጣ ይፈልጋል። የዛሬው ናፍጣ የተገዛው እኛ ስለመጣን ነው። መምህሩ ይህን ሲናገሩ የቅሬታ ድምፅ አልነበራቸውም፤ እንዲያውም ያመሰግናሉ። "እናንተ ብትመላለሱ ልጆቹ ቶሎ ቶሎ ይበይዱ ነበር" አሉ። ዳይሬክተራችን "በትኩረት ይዘነዋል" አሉ። የያዙት ማስታወሻ ደብተር ላይ የተጻፈው ግን "ቅቤ፣ 3 ኪሎ" የሚል እንደነበር ከጎናቸው ስለነበርኩ አይቻለሁ።

ከዚያ አዳራሽ ገብተን ባነሩ ተሰቀለ። ዳይሬክተሩ ተናገሩ፤ ረጅም ነበር። ሲጨርሱ "ሠልጣኞች ጥያቄ ካላችሁ በነፃነት ጠይቁ" አሉ። በነፃነት ጠይቁ የሚባለው ማንም እንደማይጠይቅ ሲታወቅ ነው። አንዲት ልጅ ግን እጇን አወጣች። የብየዳ ሠልጣኝ ናት። ጥቁር መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላዋለች።

"እናንተስ የምን ሙያ ናችሁ?" አለች።

ዳይሬክተሩ ሳቁ። "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" አሉና ማይኩን ለዕቅድ ክፍል ሰጡ።

"እኛ እንግዲህ ዕቅድ እናዘጋጃለን" አለ።

"የምን?"

"የሥራ።"

"ሥራውንስ ማን ይሠራዋል?"

"እሱን... ባለድርሻ አካላት።"

ማይኩ ወደ ክትትልና ግምገማ አለፈ። "እኔ ደግሞ ሥራው በዕቅዱ መሠረት መሠራቱን እከታተላለሁ።"

"ካልተሠራስ ይሠሩታል?"

"ኧረ! ሪፖርት አደርጋለሁ።"

"ለማን?"

ክትትልና ግምገማው ዞር ብሎ ዕቅድ ክፍሉን አየው። ዕቅድ ክፍሉ ጣሪያውን አየ። እትዬ ሳይጠየቁ "እኔ ኦዲተር ነኝ፤ የወጣው ብር ለምን እንደወጣ እመረምራለሁ" አሉ። ልጅቷ የኮስተሩን ሙሉ ሰው፣ ቲሸርቱን፣ ባነሩን ተራ በተራ አየች። ምንም አላለችም። ጨዋ ልጅ ናት።

እኔ ጋ ሲደርስ "አስተባባሪ ነኝ" አልኩ። ምን እንደማስተባብር እንዳትጠይቀኝ ማይኩን ቶሎ ብዬ በሩ ላይ ለቆመው ሾፌራችን አሳለፍኩት። "እኔ እንኳን መኪና ነው የምነዳው" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ሾፌሩ የተጨበጨበለት ሲበርድ ልጅቷን ጠርቶ ማርሚታውን አሳያት። ሁለት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። ክሪክ አገቡ፣ ከሥር ገቡ፣ ዝገቱን ሞረዱ፣ በየዱ። እኛ ዙሪያውን ከበን ቆምን። የሕዝብ ግንኙነቱ ልጅ ዳይሬክተሩን የብየዳ መነጽር አስደርጎ፣ ያልተሰካ የብየዳ መያዣ አስይዞ ፎቶ አነሣቸው። ያ ፎቶ በኋላ የፌስቡክ ገጻችን ሽፋን ሆኗል። ሞተሩ ሲነሣ መኪናው ከድሮውም ይልቅ ዝም አለ።

"ስንት ነው?" አለ ሾፌሩ።

"ሒሳብ አንቀበልም። የጨረስነውን ኤሌክትሮድ ብቻ ብትተኩልን።"

የፋይናንስ ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ደረሰኝ የለም፤ ያለ ደረሰኝ አይወራረድም፤ በዚያ ላይ ጥገና የሚባል የበጀት ርዕስ በዚህ ጉዞ ውስጥ አልተያዘም። ክርክሩ ሲረዝም ሾፌሩ ከኪሱ አውጥቶ ከፈለ።

ምሳ ቀረበ። አስተናጋጆቻችን አስበውበት የጾምም የፍስክም አዘጋጅተዋል፤ የሐዋርያት ጾም ላይ ነን። ሁሉም ወደ ሽሮው አመራ። የበጉ ጥብስ በሸክላ እየጮኸ ሲገባ ግን አንዱ "የሰኔ ጾም እኮ የካህናት ናት" አለ። ይህ ሊቅ ማን እንደሆነ አልለየሁትም። ትምህርቱ ግን ወዲያው ተቀባይነት አገኘ። ሽሮው ላይ እትዬ ብቻቸውን ቀሩ። ማን ከየትኛው ሰሃን እንደበላ ግን ልቅም አድርገው እያዩ ነበር፤ ሙያቸው ነው።

ስንመለስ በግ ተገዛ፤ ቅቤም ተገዛ። ሪፖርቱም ተጻፈ። ስለ ናፍጣው፣ ስለ ትራንስፖርቱ፣ ስለ ኤሌክትሮዱ የተነሣው ሁሉ "አንዳንድ የግብዓት እጥረቶች" በምትል ሐረግ ተጠቃለለ። ስለ ማርሚታው የተጻፈው ግን ዘርዘር ያለ ነው። "ቡድኑ በቦታው በመገኘት ሠልጣኞች በተሽከርካሪ ጥገና ዙሪያ ተግባር ተኮር ልምድ እንዲያገኙ ምቹ ሁኔታ ፈጥሯል" ይላል። ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ማርሚታውን ይዘን የሄድነው እኛ ነን።

መስከረም ላይ ከማሠልጠኛው ደብዳቤ መጣ። ለጉብኝታችን አመስግነው፣ እነሱም በተራቸው ከቢሯችን ልምድ ለመቅሰም መምህራንና ሠልጣኞችን ይዘው ሊመጡ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል። ቢሮው ታመሰ። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ምን እናሳያቸው? መዝገብ ቤቱን? ራእይና ተልእኮ የተጻፈበትን ሰሌዳ? አንዱ አሳንሰሩን አለ፤ አሳንሰሩ ከቆመ ከርሟል። አንዱ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ደረጃው ሥር ያለችውን የጥገናው ጋሼን መሣሪያ ክፍል ብናሳያቸውስ አለ። ዳይሬክተሩ ሰምተው እንዳልሰሙ አለፉት። "ያቺ መነጽር ያላት ልጅ ትመጣለች ወይ?" ብለው ብቻ ጠየቁ።

በመጨረሻ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በመጀመሪያ ስብሰባው ቢሯችን እንግዳ በማስጎብኘት ረገድ የልምድ ክፍተት እንዳለበት ለየ። ክፍተቱን ለመሙላትም በዘርፉ የተሻለ ተሞክሮ ያለው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ይጎብኝ ሲል ወሰነ። ሐዋሳ አንድ ታጭቷል። የትብብር ደብዳቤው ወጪ ሆኗል።